ስለ ደረቅ ምድርና ስለ ጥንታዊ ነዋሪዎቹ የሚነገሩ ሙያዊ ቃላት፤ የአሰያየም ችግርና የመፍትሔ ሐሳብ

1. መግቢያ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለእያንዳንዱ የባዕድ ቃል አንድ አቻ ለማግኘት ነው። አቻው ከተገኘና ለጆሮ ካልከበደ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የተገኘው ቃል ቀደም ሲል በሕዝቡ አፍ ሲሠራበት የቆየ ከሆነ የራሱ ፍርድ ይኖረዋል፤ ይኸውም ነገሩን መጥራት ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ አንድ ሐሳብ አስቀድሞ ይናገራል። ተርጓሚው ይህን ሳያስተውል ሲቀር የምንጩን ጽሑፍ ያላለውን ያሰኘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩን በአንድ የተወሰነ የጥናት መስክ ማሳየት ነው። መስኩም የጥንት ሰዎች ዝናብ ባጠራቸውና መልካቸው በየዘመኑ በተለዋወጠ አገሮች እንዴት ሰፍረው እንደኖሩ የሚመረምረው የአርኪዮሎጂ ክፍል ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ የቃላት ዝርዝር ስናዘጋጅ፣ በምንጩ ቋንቋ ሦስት የተለያዩ የደረቅነት ደረጃዎችን ለሚያመለክቱ ሦስት ቃላት ሁሉ «ምድረ በዳ» የሚል አንድ አቻ ሰጥተን ነበር። ስሕተታችንን ያሳዩን የቋንቋ ባለሙያ አልነበሩም፤ ከቆላው አገር የመጡ አንድ መምህር ነበሩ። ዝርዝሩን አንብበው ሲያበቁ፣ «ተወልደን ያደግንበትን አገር ሰው የሌለበት ብላችሁ ጻፋችሁት፤ ታዲያ ልጆቹን ምን ብዬ ላስተምራቸው?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። የሚከተለው ሐተታ የዘገየ መልስ ነው።

2. ባዶነትን የሚናገሩ ቃላት

አማርኛ ሰው የማይኖርበትን ወይም ውኃ የራቀውን ምድር የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ነገር አይናገሩም። ለምሳሌ ያህል ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

«ምድረ በዳ» ከግእዝ የወረስነው ጥምር ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍሉ ሰው የማይኖርበትን፣ የተራቆተን ሥፍራ ያመለክታል። እንግዲህ ቃሉ በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ሰው አለመኖር ነው። «ጠፍ» የሚለው ደግሞ «ጠፋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጠፍ መሬት ሲባል ያልታረሰ፣ ጌታ የሌለው ማለት ይሆናል። «ኦና» ሰው የለቀቀው ቤት ነው። «ባድማ» ቀድሞ ሰው የነበረበትና ኋላ የተተወ ሥፍራ ነው። በእነዚህ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአርኪዮሎጂ ተርጓሚ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ምድረ በዳ ሰው የሌለበት ነው፤ ባድማና ኦና ግን ሰው የነበረባቸው ናቸው። ከሥፍራ ወደ ሥፍራ እየተዘዋወረ የሚቆፍረው ተመራማሪ የሚፈልገው ባድማን እንጂ ምድረ በዳን አይደለም።

«በረሃ» ሌላ ጠባይ አለው። ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ጋር አብሮ ሲነገር የሚለካው በከፍታና በሙቀት እንጂ በዝናብ መጠን አይደለም። የደገኛው ሰው መተማንና ሑመራን «በረሃ» ይላል፤ በእነዚህ አገሮች ግን ክረምት ሲገባ ብርቱ ዝናብ ይጥላል፣ ሣሩም ሰው ይውጣል። በተጨማሪም «በረሃ ገባ» ሲባል ሸፈተ ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ ከመንግሥት እጅ የራቀ ሥፍራ የሚል ሐሳብ ጭምር ይዟል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዝኛው «ዴዘርት» የሚለውን ቃል ያገኘው ከላቲን ሲሆን ሥሩ «የተተወ» ማለት ነው። ዓረብኛው «ሰሕራ» ግን ሥሩ ከቀለም ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ቀይነት የሚያደላ ቡኒ ቀለምን ያመለክታል። አንዱ ሕዝብ የሰውን አለመኖር፣ ሌላው የአፈሩን መልክ አይቶ ሰየመ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን «ገዳም» የሚለው ቃል ነው። በግእዝ ገዳም ማለት በመጀመሪያ ያልታረሰ ዱር፣ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ማለት ነበር። መነኮሳት ከዓለም ሸሽተው ወደዚያ ገብተው ከሰፈሩ በኋላ ቃሉ የመኖሪያቸው ስም ሆነ፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ «ገዳም» ሲል የሚታየው ባዶ ዱር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያንና የመነኮሳት ማኅበር ነው። ነዋሪ ሲመጣ ቃሉም ፍቺውን ለወጠ። ችግሩ «ምድረ በዳ» እና «ጠፍ» እንዲህ ያለ ዕድል አለማግኘታቸው ነው፤ ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ እያሉ ቃላቱ ባሉበት ቀሩ።

3. ደረቅነት በመለኪያ

ሳይንሱ የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ ነገር ነው። በረሃማነትን ለመቋቋም እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መስፈርቱን ያደረገው የዓመቱ ዝናብ ምድሩና ዕፀዋቱ ሊያተኑ ከሚችሉት የውኃ መጠን ጋር ሲነጻጸር የሚኖረውን ድርሻ ነው። በዚሁ መስፈርት መሠረት ድርሻው ከ0.05 በታች የሆነው እጅግ ደረቅ፣ ከ0.05 እስከ 0.20 ያለው ደረቅ፣ ከ0.20 እስከ 0.50 ያለው ከፊል ደረቅ፣ ከ0.50 እስከ 0.65 ያለው ደግሞ ወደ እርጥብነት የሚጠጋ ደረቅ ይባላል።

አንባቢው እንደሚያስተውለው በዚህ መለኪያ ውስጥ ሰው መኖሩም ሆነ አለመኖሩ አልተጠቀሰም። ስለሆነም ከአራቱ ደረጃዎች ለአንዱም ቢሆን «ምድረ በዳ» አቻ ሊሆን አይችልም። መለኪያው የሚነግረን ውኃ ምን ያህል እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚሄድ ነው። የጥንቱን ነዋሪ አኗኗር የወሰነውም ይኸው ነው፤ ውኃ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ መቼ ይመጣል፣ የት ይቆያል፣ ለምን ያህል ጊዜ?

4. ሽንፋ፤ ወንዝ በማይፈስበት ጊዜ

ይህን ከማናቸውም በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን ይገኛል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ በመተማ አካባቢ የተቆፈረው ሽንፋ መተማ 1 የተባለው ሥፍራ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መኖሪያ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ከአፈሩ ንብርብሮች በአንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶች ተገኝተዋል፤ እነዚህም ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ መሆናቸው ታውቋል።

የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊትና የእንስሳት ጥርስ ኬሚካላዊ ምርመራ አካባቢው በዚያ ዘመን ረጅም ደረቅ ወቅት እንደነበረው አመልክቷል። ታዲያ ነዋሪዎቹ ምን አደረጉ? ከአጥንቶቹ እንደተረዳው ከፍንዳታው በኋላ በምግባቸው ውስጥ የዓሣ ድርሻ ከፍ አለ። ምክንያቱ ለቆላ ሰው ግልጽ ነው። ወንዙ በበጋ መፍሰሱን ያቆማል፤ ውኃው በአልጋው ላይ እዚህም እዚያም በኩሬ በኩሬ ይቀራል፤ ዓሣው በኩሬዎቹ ውስጥ ይታጎራል፤ አውሬውም ለመጠጣት ወደዚያው ይመጣል። አንዱ ኩሬ ሲደርቅ ሰዎቹ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳሉ። ከተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች መካከል ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስሎች ስላሉ፣ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል።

ከዚህ ሁለት የአሰያየም ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ስለ «ወንዝ» ነው። ተርጓሚ ያለ ቅጽል «ወንዝ» ብሎ ቢጽፍ፣ የደጋው አንባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ ይታየዋል፤ የግኝቱም ቁም ነገር ይጠፋበታል። ስለዚህ «ወቅታዊ ወንዝ»፣ በአልጋው ላይ ለሚቀረውም «የበጋ ኩሬ» ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥያቄ ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ ስያሜ የሚመጣ ነው። ቀደም ሲል የነበረው ግምት የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ምድሩ ለምልሞ «አረንጓዴ መተላለፊያ» በተከፈተ ጊዜ ነው የሚል ነበር። የሽንፋ አጥኚዎች ግን ወቅታዊ ወንዞችን «ሰማያዊ ጎዳና» ብለው በመሰየም፣ ሰዎች በድርቅ ዘመንም ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሳቡ ሊስፋፉ ይችሉ እንደነበረ ገልጸዋል። ድርቅ ሰውን ያግዳል ሲባል የኖረውን፣ ድርቅ ሰውን ያንቀሳቅሳል ወደሚል ሐሳብ አዞሩት። ይህን ጽሑፍ ሲመልስ አገሩን «ምድረ በዳ» የሚል ተርጓሚ የጥናቱን ድምዳሜ በአንድ ቃል ያፈርሰዋል።

5. ናብታ፤ ሐይቅ መጥቶ የሄደበት

ሽንፋ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ዓባይን ተከትለን ወደ ሰሜን ብንወርድ የምንደርሰው በመለኪያው መጨረሻ ወደሚገኘው፣ እጅግ ደረቅ ወደሆነው የምሥራቅ ሰሐራ አገር ነው። ከአቡ ሲምበል በስተ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ናብታ ፕላያ ዛሬ ዝናብ የማይጠበቅበት ሜዳ ነው። ፍሬድ ዌንዶርፍና ጓደኞቹ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፍሩት ግን የጎጆ ወለሎችን፣ የእህል ማኖሪያ ጉድጓዶችንና የውኃ ጉድጓዶችን አገኙ። በጎጆዎቹ ውስጥ ከተገኙት ከ8,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው ፍሬዎች መካከል የዱር ማሽላ ነበረበት። ኋላ ደግሞ በድንጋይ ጉብታ ሥር በክብር የተቀበረች ላም ተገኘች።

የዚህ ምክንያት የምድር ዛቢያ አቅጣጫ ቀስ በቀስ መዞሩ ነው። በዚያ ዘመን የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በበጋው ወራት ዛሬ ከሚያገኘው የበለጠ የፀሐይ ኃይል ያገኝ ስለነበር የዝናብ ነፋሱ ወደ ሰሜን ርቆ ይሄድ ነበር። በአገራችንም የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች በዚሁ ዘመን ሞልተው አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈስሱ ነበር።

የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሩዶልፍ ኩፐርና ሽቴፋን ክሮፕሊን ከ150 የቁፋሮ ሥፍራዎች የተገኙትን ዕድሜዎች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የምሥራቅ ሰሐራን የሰው ታሪክ በአራት ምዕራፍ ከፍለውታል። ዝናቡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8500 ገደማ ሲደርስ ሰዎች ወደ አገሩ ገቡ፤ ከ7000 ጀምሮ ኑሮው ጸና፤ ከ5300 በኋላ ዝናቡ ከግብፅ ሰሐራ ሲሸሽ ነዋሪዎቹ ውኃ ወዳልራቃቸው ተራሮች፣ ወደ ደቡብና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሄዱ፤ ከ3500 ወዲህ ደግሞ በጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ተወስነው ቀሩ። ሰዎች በዓባይ ዳር እየበዙ የሄዱበትና ኋላም የፈርዖኖች መንግሥት የተቋቋመበት ታሪክ ከዚህ ጉዞ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናቱ አመልክቷል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው የሚፈተነው በአንድ ግሥ ነው። ስለ ናብታ ሰዎች በአማርኛ በተጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ላይ «ሕዝቡ ጠፋ» የሚል አነጋገር አንብበናል። «ጠፋ» በአማርኛ አንድም ሞተ፣ አንድም የት እንደገባ አልታወቀም ማለት ነው። ከላይ እንደተመለከተው ግን ሰዎቹ አልሞቱም፤ ወዴት እንደሄዱም ይታወቃል። ትክክለኛው ግሥ «ለቀቀ» ነው፤ ምክንያቱም የሚለቅ ሰው አስቦ፣ ዕቃውን ሸክፎ፣ ከብቱን ነድቶ የሚሄድ ሰው ነው።

«ፕላያ» የሚለው ስም ራሱ ከስፓንኛ የመጣ ሆኖ በመጀመሪያ ፍቺው የባሕር ዳር ማለት ነው፤ በጂኦሎጂ ግን ዝናብ ሲጥል ሐይቅ የሚሆን፣ ውኃው ሲተን ደረቅ ሜዳ የሚሆን መውጫ የሌለው ዝቅተኛ ሥፍራ ነው። በሥፍራ ስም ውስጥ ሲገባ እንዳለ ይቀመጥ፤ እንደ ሙያ ቃል ሲያገለግል ግን «ወቅታዊ ሐይቅ» ቢባል ፍቺው በግልጽ ይታያል።

6. ፈዛን፤ ውኃን ከምድር ሆድ ማውጣት

ሦስተኛው ምሳሌያችን ከዚያው ከሰሐራ፣ ወደ ምዕራብ ርቆ በደቡብ ምዕራብ ሊቢያ ከሚገኘው ከፈዛን ነው። የናብታ ሰዎች ውኃው ሲሄድ ሄዱ፤ በፈዛን የኖሩት ገራማንቶች ግን ውኃውን ተከትለው ወደ ምድር ውስጥ ገቡ። ሄሮዶቱስ በታሪክ መጽሐፉ የጠቀሳቸው እነዚህ ሰዎች ከተማቸውን በገራማ፣ በዛሬዋ ጀርማ አድርገው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው አንደኛው ሺህ ዓመት ጀምሮ በእርሻ ኖረዋል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ወይን ያበቅሉ ነበር። የእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት የዴቪድ ማቲንግሊ ቡድን ባደረገው ጥናት በዋዲ አል አጃል ሸለቆ 600 ያህል «ፎጋራ» የተባሉ የውኃ መስመሮች ተቆጥረዋል። ፎጋራ በሸለቆው ዳር ባለው ገደል ግርጌ ከሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ተነሥቶ ውኃውን በራሱ ክብደት ወደ እርሻው የሚያወርድ፣ በየርቀቱ የመውረጃ ጉድጓድ ያለው የምድር ውስጥ ቦይ ነው። በፋርስ አገር «ቃናት» ከሚባለው ጋር ዓይነቱ አንድ ነው።

ሆኖም ይህ ውኃ በየዓመቱ ዝናብ የሚተካው አልነበረም፤ ሰሐራ ለምለም በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ ነበር። እየተቀዳ ሲሄድ ደረጃው ዝቅ አለ፤ ቦዮቹንም እያጠለቁ መቆፈር የሚቻለው እስከተወሰነ ድረስ ብቻ ሆነ። የገራማንቶች ኃይል ለመዳከሙ ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም የውኃው መሸሽ ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ለእንዲህ ያለው ውኃ ባለሙያዎች የሚሰጡትን ስም በቀጥታ ብንመልሰው «የቅሪተ አካል ውኃ» የሚል ትርጉም የለሽ ሐረግ ይወጣል፤ ውኃ አካል የለውምና። «ቅሪተ» የሚለውን ብቻ ወስደን «ቅሪተ ውኃ» ብንል ግን ቀደም ካለ ዘመን የተረፈ፣ የማይተካ የሚለው ሐሳብ በሁለት ቃላት ይገለጻል። አንባቢው ስሙን ሲሰማ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያውቃል፤ ዛሬ በደረቅ አገር ጥልቅ ጉድጓድ ለሚያስቆፍርም ይህ ዕውቀት ትንሽ ነገር አይደለም።

7. «ሰፈራ» እና «መላመድ»

ከሦስቱ ምሳሌዎች በላይ የሚያገለግሉ ሁለት አጠቃላይ ቃላት ቀርተዋል።

የመጀመሪያው የሰዎችን በአንድ ሥፍራ መቀመጥ የሚያመለክተው ነው። «ሰፈረ» በቀድሞ አነጋገር ጦር ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ስለሆነ፣ ጊዜያዊ ኑሮን ለመግለጽ እጅግ ይስማማል። ይሁን እንጂ «ሰፈራ» የሚለው ስም ሌላ ታሪክ አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ከተወሰደ ወዲህ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ሰፈራ» ሲል የሚሰማው በሌላ ሰው ውሳኔ መነሣትን ነው። የሽንፋን ኩሬ ተከታዮች «ሰፈራ አካሄዱ» ብንል አዛዥ የነበራቸው ይመስላል። ስለዚህ ለጥንቱ ነገር «አሰፋፈር» የሚለውን የአኳኋን ስም፣ ለሥፍራው ደግሞ «መኖሪያ ሥፍራ» የሚለውን እንመርጣለን።

ሁለተኛው «መላመድ» ነው። ሥሩ «ለመደ» ስለሆነ፣ «ከድርቁ ጋር ተላመደ» ሲባል ችግሩን ችሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ኖረ የሚል ስሜት ይሰጣል። በሥነ ሕይወት የአንድ ፍጡር አካል በብዙ ትውልድ ውስጥ ከአካባቢው ጋር መስማማቱን ለመግለጽ ይህ ተስማሚ ነው። ገራማንቶች ግን አልለመዱም፤ ቆፈሩ። የሽንፋ ሰዎችም ምግባቸውን ለወጡ። ሰው አስቦ የሚያደርገውን ለመግለጽ አድራጊ ግሥ ያስፈልጋል፤ ይኸውም «አጣጣመ» ነው። «ኑሮን ማጣጣም» ስንል ባለቤቱ ሰው ይሆናል፤ የሚጣጣመው ኑሮው፣ የሚያጣጥመውም እሱ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም እናሳይ። አንደኛው፦ «አገሩ ምድረ በዳ በሆነ ጊዜ ሕዝቡ ከችግሩ ጋር ተላመደ፤ በመጨረሻም ጠፋ።» ሁለተኛው፦ «ዝናቡ ባጠረ ጊዜ ሕዝቡ ኑሮውን ከውኃው መገኛ ጋር አጣጣመ፤ በመጨረሻም ሥፍራውን ለቀቀ።» የሁለቱም ምንጭ አንድ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ውስጥ ግን ሥራ የሠራ ሰው የለም።

8. የነዋሪዎቹ ቃላት

የደረቅ ምድርን ነገር የሚናገር ቃል ሲያጥረን ወደ ላቲን ወይም ወደ ግእዝ ከመሄዳችን በፊት በደረቅ ምድር የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ቋንቋዎች መጠየቅ ይገባናል። የቦረና ኦሮሞ ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውኃ እየተቀባበሉ የሚያወጡበትን ጥልቅ ጉድጓድ «ቱላ»፣ ዝቅተኛውን «አዳዲ» ይላሉ። ውኃውን በተራ የሚያስጠጣው ኃላፊ «አባ ሄሬጋ» ነው። አማርኛ ግን ሁለቱንም «ጉድጓድ» ብሎ ያልፋል፤ ይህም ቃል እህል ለሚቀበርበትም ያገለግላል። ኮንሶዎች የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበትን ሰው ሠራሽ ኩሬ «ሐርዳ» ይሉታል፤ በድንጋይ እርከኖቹ የታወቀው ምድራቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ሥራ መሆኑ ተመስክሮለታል። ሶማሌዎች የክረምትን ጎርፍ የሚያቁሩበት በርብራብ የተከደነ ጉድጓድ «ቢርካ» ይባላል።

እነዚህን ቃላት በውሰት ብንቀበል የሚቀርብን ነገር የለም። የኩሬውን ዓይነትና የጉድጓዱን ጥልቀት ለይቶ የሰየመው፣ ሕይወቱ በዚያ ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ነው።

9. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በቀረበው መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ደረቅ ምድር፦ ከዓመቱ ዝናብ ይልቅ ሊተን የሚችለው ውኃ በብዙ የሚበልጥበት አገር ሁሉ። እንደ ደረጃው እጅግ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ከፊል ደረቅና ወደ እርጥብነት የሚጠጋ ደረቅ ተብሎ ይከፈላል።

በረሃ፦ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ለእጅግ ደረቅና ለደረቅ አገር ብቻ። ለቆላ አገር ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ ፍቺው በመዝገበ ቃላት በተለየ ተራ ቁጥር ይቀመጥ።

ወቅታዊ ወንዝ፦ በዝናብ ወራት ብቻ የሚፈስ።

የበጋ ኩሬ፦ ወቅታዊ ወንዝ መፍሰሱን ሲያቆም በአልጋው ላይ የሚቀር ውኃ።

ወቅታዊ ሐይቅ፦ መውጫ በሌለው ዝቅተኛ ሥፍራ ዝናብ ሲጥል የሚፈጠርና ሲተን የሚደርቅ ውኃ።

ቅሪተ ውኃ፦ በቀድሞ እርጥብ ዘመን የተጠራቀመ፣ ዛሬ የማይተካ የከርሰ ምድር ውኃ።

ባድማ፦ ነዋሪዎቹ የለቀቁት፣ አሻራቸው በቁፋሮ የሚታወቅ ጥንታዊ መኖሪያ ሥፍራ።

አሰፋፈር፦ ሰዎች በአንድ አገር ላይ መኖሪያቸውን የሚያደርጉበት ሥርዓት።

ኑሮን ማጣጣም፦ ሰዎች አካባቢያቸው ሲለወጥ ምግባቸውን፣ መሣሪያቸውን፣ መኖሪያቸውን ወይም ጉዟቸውን አስበው መለወጣቸው።

10. መደምደሚያ

«ምድረ በዳ» ከቋንቋው ይውጣ ማለታችን እንዳልሆነ ለመግለጽ እንወዳለን። በሃይማኖት መጻሕፍት፣ በቅኔና በልብ ወለድ የሚተካው የለም፤ ሰው በእውነት የሌለበትን ሥፍራም ሊጠራ ይችላል። የምንቃወመው የዝናብ ማነስን ለመግለጽ ሲባል የሰውን አለመኖር መመስከርን ብቻ ነው።

ሽንፋ፣ ናብታና ፈዛን በዘመንና በርቀት የተለያዩ ቢሆኑም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ደረቅ ምድር ከ74,000 ዓመት በፊትም ቢሆን ውኃው መቼና የት እንደሚገኝ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት። ልባቸው ግን የጨከነ አልነበረም፤ መቆየት ሲያዋጣ ቆዩ፣ መሄድ ሲያዋጣ ሄዱ። ይህን ዕውቀት ዛሬ የሚወርሱት በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በምዕራብ ቆላ የሚማሩ ሕፃናት ናቸው። መጽሐፋቸው አገራቸውን «ምድረ በዳ» ቢላቸው፣ ከሁለት አንዱን ማመን ይኖርባቸዋል፤ ወይ መጽሐፉን ወይ ዓይናቸውን።

ያ መምህር የጠየቁን ይህንኑ ነበር። የቃላት ዝርዝራችን ዳግመኛ በታተመ ጊዜ ሦስቱን ቃላት ለየናቸው፤ ለልጆቹ የሚሉትን ግን እሳቸው ራሳቸው ከእኛ አስቀድመው ያውቁት ነበር።